ሰይጣን በጥይት ይሞታል?

አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የጠየቀኝን ጥያቄ መመለስ ተስኖኝ ሦስት ሳምንት ያህል ስብሰለሰል ሰነበትሁ። ቀን ከባንክ መስኮት ጀርባ የሰው ገንዘብ፣ ማታ ደግሞ የራሴን ስንኝ ስቆጥር የምኖር ሰው ነኝና፣ በቁጥር የማይፈታ ነገር ሲገጥመኝ ግራ መጋባቴ አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ውኃው ወደ ላይ አልወጣ ብሎን ጀሪካን ተሸክሜ ደረጃውን ስወጣ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ የጎረቤቴ ልጅ የእናቱን ስልክ ይዞ ተቀምጧል። የሚያየው ትርጉም ፊልም ነው። አንድ ጡንቻማ ሰው ቁመቱን የሚያህል መሣሪያ ታጥቆ፣ ዓይኑ ፍም በመሰለ ሰይጣን ላይ የእሳት ዶፍ ያወርዳል። ተራኪው በአማርኛ ያጅበዋል።

«ጋሼ፣ ሰይጣን በጥይት ይሞታል?» አለኝ ቀና ብሎ።

«አይሞትም» አልሁት፣ ጀሪካኑን አሳርፌ።

«ታዲያ አክተሩ ለምን ይተኩስበታል?»

መልስ አልነበረኝም። ልጁ ጥቂት አሰበና፣ «ወንድሜም እኮ ጥይት ነበረው» አለ።

ወንድሙ በ2013 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ዘምቶ ያልተመለሰ ወጣት ነው። የደንብ ልብስ እንደለበሰ የተነሣው ፎቶግራፍ በእናቱ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጀሪካኔን አንሥቼ ወደ ቤቴ ወጣሁ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ወጣ።

እነሆ ዛሬ ልሟገት የተነሣሁት የአክሽንን ፊልም ከሰይጣን፣ ከምጽአትና ከጥፋት ቀን አስፈሪ ታሪክ ጋር ከሚቀላቅለው የፊልም ዓይነት ጋር ነው። ሙግቴ ግን ብዙዎች እንደሚጠብቁት «ሰይጣን ለምን በፊልም ታየ?» የሚል አይደለም። ሙግቴ ሌላ ነው፤ ሰይጣን ለምን በጥይት የሚመታ ሆነ?

ስለ የትኞቹ ፊልሞች እንደምናገር ልግለጽ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው፣ ፒተር ሃያምስ ያዘጋጀውና አርኖልድ ሽዋርዚንገር የተወነበት «ኤንድ ኦፍ ዴይስ» አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው «ኮንስታንቲን» ሌላው ነው፤ በእርሱ ውስጥ ኪያኑ ሪቭስ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ጠመንጃ ይዞ አጋንንትን ያሳድዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው «ሊጅን» ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። በዚያ ፊልም ቅዱስ ሚካኤል ሎስ አንጀለስ ላይ ይወርዳል፤ ክንፎቹን ቆርጦ ይጥላል፤ ከአንድ መጋዘን መሣሪያ ይጭናል፤ ከዚያም በበረሃ ዳር ባለች ምግብ ቤት መሽጎ ይታኮሳል። በየወሩ በ12 የምንዘክረው ሚካኤል፣ መትረየስ ይዞ!

የአስፈሪ ታሪክ ኃይሉ የክንድን ከንቱነት መግለጡ ነው። በሩ ተቆልፎም የሚገባ፣ ቢመቱት የማይቆስል፣ ከውጭ ሲጠብቁት ከውስጥ የሚነሣ ነገር አለ ይለናል። አክሽን ፊልም ደግሞ የተገላቢጦሽ በክንድ ይመካል፤ በቂ ጥይት ካለህ የማይፈታ ችግር የለም ይላል። ሁለቱን በአንድ ድስት ስታበስላቸው አንደኛው ሌላኛውን ይበላዋል፤ ሁልጊዜም የሚበላው አክሽኑ ነው። ሰይጣን ቀንድ ያበቀለ ወንበዴ ሆኖ ይቀራል። አድራሻ አለው፣ ጠባቂዎች አሉት፣ ሰዓትም ይጠብቃል።

ሰዓት ካልሁ ዘንዳ እስቲ ትንሽ እንሳቅ። በ«ኤንድ ኦፍ ዴይስ» ሰይጣን ዓለምን የሚወርሰው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 1999፣ እኩለ ሌሊት ከመሆኑ በፊት ባለችው አንዲት ሰዓት የተመረጠችለትን ሴት ካገኘ ብቻ ነው። ማስረጃውም 666 ሲገለበጥ 999 መሆኑ ነው! ያች ቀን በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 21 ቀን 1992 ዓ.ም. ነበረች፤ የእመቤታችን ወርኃዊ በዓል። የኒውዮርክ እኩለ ሌሊት ሲደወል ደግሞ በአዲስ አበባ ነግቶ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሆኖ ነበር። ዓለም በኒውዮርክ ትጠፋለች ወይስ ትተርፋለች ሲባል፣ እኛ ሀገር ቡና እየተቆላ ነበር ማለት ነው። ፊልሙ ራሱ በዚህ የሰዓት ነገር ይቀልዳል። ቢሆንም ታሪኩን በሙሉ የሰቀለው በዚያችው ሰዓት ላይ ነው።

የእኛ አባቶችና እናቶች የዘመን ፍጻሜን የሚያስቡት ከዚህ በራቀ መንገድ ነው። «ስምንተኛው ሺህ» የሚለውን አነጋገር ያልሰማ የለም። የእህል ዋጋ ሲንር፣ ልጅ አባቱን ሲሰድብ፣ ወንድም ወንድሙን ሲከስስ፣ «ምን ታደርገዋለህ፣ ስምንተኛው ሺህ ነው» ይባላል። ስሌቱንም እንየው። ከዓለም መፈጠር እስከ ጌታ ልደት 5500 ዓመት ይቆጠራል፤ በዚህ ላይ 1500 ስንደምር 7000 ይሆናል። እንግዲህ ስምንተኛው ሺህ የገባው በ1501 ዓ.ም. ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ በውስጡ እየኖርን ነው! የእኛ የመጨረሻ ዘመን አክተሩ ደርሶ የሚያስቆመው የግድግዳ ሰዓት አይደለም፤ ሰው ጠባዩ የሚፈተንበት ረጅም ዘመን ነው። በስምንተኛው ሺህ የሚጠየቀው «ስንት ገደልህ?» ሳይሆን «እንዴት ኖርህ?» ነው።

አንድ ወዳጄ ይህን ሐሳቤን ሰምቶ ተቃወመኝ። «ሚካኤል ሰይፍ፣ ጊዮርጊስ ጦር ይዞ የሚሣለው በማን ቤተ ክርስቲያን ነው? እኛስ አክሽኑንና ሰይጣኑን ከጥንት ጀምሮ ቀላቅለን የለም ወይ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጥሩ መልስም አለው።

በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን አንድ የታወቀ ሕግ አለ። ጻድቃን ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰው፣ ሁለት ዓይናቸው ተገልጦ ይሣላሉ። ክፉዎች ግን በጎን ይሣላሉና የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ጊዮርጊስን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ጦሩ ወደ ታች ዘንዶው ላይ ወርዷል፤ ዓይኖቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘንዶውን አያዩም፣ እኛን ነው የሚያዩት። «ዘንዶው ተወግቷል፤ አንተስ?» የሚል ይመስላል። ጠላቱን ከማሳየት አልፎ ተመልካቹን ይመረምራል።

አሁን ደግሞ የፊልሙን ጀግና ተመልከቱት። ምን ያደርጋል? ያነጣጥራል። የሚያነጣጥር ሰው ምን ያደርጋል? አንድ ዓይኑን ይጨፍናል! የሀገሬ ሠዓሊ ይህን ሰው ቢሥለው ኖሮ ከየትኛው ወገን እንደሚያሰልፈው ለእናንተ እተወዋለሁ።

ከሥዕሉ ወደ መጽሐፉ እንለፍ። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው ሳይጎድል የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ከኢትዮጵያ ይዞ እስኪመለስ ድረስ አውሮፓ ሙሉውን አታውቀውም ነበር፤ በእንግሊዝኛ የታተመውም እ.ኤ.አ. በ1821 ነው። በዚህ መጽሐፍ አዛዝኤል የሚባለው የወደቀ መልአክ ለሰው ልጆች ያስተማረው የመጀመሪያው ሙያ ምን ነበር? ሰይፍን፣ ቢላዋን፣ ጋሻንና ጥሩርን መሥራት። ልብ በሉ፤ መሣሪያ በሰይጣን ላይ የተሰጠን ስጦታ አይደለም፤ ከእርሱ የተማርነው ሙያ ነው። ታዲያ አዛዝኤል በሠራው መሣሪያ አዛዝኤልን እገድላለሁ የሚል ጀግና ምን ይባላል? መጽሐፉ አዛዝኤልን በሰይፍ አያስገድለውም። ሩፋኤል እጅና እግሩን አስሮ በበረሃ ጨለማ ውስጥ እንዲጥለው ይታዘዛል። በራእየ ዮሐንስም ዘንዶው መጀመሪያ የሚያዘው በሰንሰለት ነው።

ሆሊውድ ከራእየ ዮሐንስ ብዙ ወስዷል። ቁጥሩን፣ አውሬውን፣ እሳቱን ወስዷል። የጠመንጃ አንጥረኛው ማን እንደሆነ የሚናገረውን መጽሐፋችንን ግን አልጠየቀም።

«አስፈሪ ታሪክ ያለ ጥይት አይሰምርም» የሚል ካለም በላኤ ሰብእን ላስታውሰው። በተአምረ ማርያም የተነገረው ይህ ሰው 78 ነፍስ የበላ ነው፤ ቤተሰቡን ሳይቀር! ከዚህ የበለጠ አስፈሪ ታሪክ የትኛው ፊልም ያመጣል? ሆኖም መጨረሻው ምንድን ነው? አንድ በጥም የሚቃጠል ድውይ በእመቤታችን ስም ውኃ ለመነው፤ እርሱም ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በሚዛኑ ላይ ያች ጥርኝ ውኃ 78ቱን ነፍስ መዘነች። ጭራቁ አልተገደለም፤ ዳነ። ይህን ታሪክ ለአንድ የአክሽን ፊልም ደራሲ ብትሰጡት መጀመሪያ የሚሰርዘው ውኃውን ነው።

ይሁንና የምሟገተው ከባዕድ ጋር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የመጨረሻው ዘመንና መድፍ በአንድ ላይ የተገናኙበት ታሪክ በገዛ ሀገራችንም አለ። ፍካሬ ኢየሱስ ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ በሰላም እንደሚገዛ ይተርካል። ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ይህንን ስም መረጡ። እኔ ቴዎድሮስን እወዳቸዋለሁ፤ በብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» እና በአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ያደገ ትውልድ ሊጠላቸው አይችልም። ነገር ግን አንዱን ነገር እናስተውል። በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን ግዙፍ መድፍ እንዲሠሩ የታዘዙት ወንጌል እናስተምራለን ብለው የመጡ ባለሙያ ሚስዮናውያን ነበሩ። ሰባኪ አንጥረኛ ሆነ፤ የሰላም ንጉሥ ስም በመድፍ ታጀበ። ያን መድፍ በስንት ሰው ጉልበት መቅደላ አምባ ላይ አወጡት፤ የጠላትን ጦር ግን አልመለሰላቸውም። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ሽጉጡም ንግሥት ቪክቶሪያ የላከችላቸው ስጦታ እንደነበር ይነገራል። ትንቢቱ የሰላም ነበር፤ መንገዱ ግን የአዛዝኤል ሙያ ሆነ።

አሁን ወደራሴ ልመለስ፤ ከሁሉም የሚከብደኝ ይህ ክፍል ነው።

በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ በተጀመረ ሰሞን በሥራ ባልደረቦቼ ስብሰባ ላይ ግጥም እንዳነብ ተጋበዝሁ። አነበብሁ። በግጥሜ ውስጥ ጠላት ቀንድ ነበረው፣ ጅራት ነበረው፣ ከእሳት የወጣ ነበር። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ግጥም ጽፌ እንደዚያ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። በእነዚያ ዓመታት በሌላኛው ወገንም እንደ እኔ ያለ ገጣሚ ተነሥቶ ለእኛ ቀንድ እንደሠራልን አልጠራጠርም። ከየአቅጣጫው ሰው ሰውን «ሰይጣን» ሲለው ሰማን። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፤ ያ ዓመት ሳያልቅ በክረምቱ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተቀሰቀሰ። ቀንዱ ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ራስ ተዛወረ እንጂ አልወደቀም።

በዚሁ በኮዬ ፈጬም በትንሹ አይተነዋል። በ2011 ዓ.ም. የቤቶቹ ዕጣ ሲወጣ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። ሕንፃው የቆመው የገበሬ ማሳ በነበረ መሬት ላይ ነው፤ ዕጣ የደረሰውም ዓመታት ሙሉ ከደመወዙ እየቆጠበ የጠበቀ ሰው ነው። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ቃሉ እየከረረ ሲሄድ ግን ገበሬው ገበሬ መሆኑ፣ ቆጣቢውም ቆጣቢ መሆኑ ቀረና አንዱ በሌላው ዓይን ጋኔን ሆነ። ዛሬ በአንድ ደረጃ ላይ በሁለት ቋንቋ እየተጨዋወትን ጀሪካን እንሸከማለን። በአንድ ጀሪካን ጫፍና ጫፍ የተያያዙ ሰዎች ቀንድ ማየት ያስቸግራቸዋል።

እንግዲህ ክሴ ይህ ነው። ሰይጣን በጥይት ይሞታል ብሎ የሚያስተምር ታሪክ፣ በጥይት የሚሞተው ሁሉ ሰይጣን ነው ወደሚል እምነት ያደርሳል። የመጀመሪያው በፊልም ቤት ይቀራል፤ ሁለተኛው ሜዳ ላይ ይወርዳል። ሰይጣንን ከሰው ልብ አውጥታችሁ አድራሻ ስትሰጡት፣ አድራሻው ሁልጊዜ የሌላ ሰው ቤት ነው።

«ፊልም እኮ ነው፤ መዝናኛ ነው» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሙያዬ ገንዘብ መቁጠር ነውና በሙያዬ ልመልስ። ሐሰተኛ ኖት ማንንም አይገድልም፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሥጋና ዳቦ ይገዛል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይቀበለዋል። ጉዳቱ የሚታወቀው ሊቆጠር እኔ መስኮት ዘንድ ሲቀርብ ነው፤ ያን ጊዜ የሚከስረው መጨረሻ የያዘው ምስኪን ነው። ያ የኔ ግጥምም እንዲሁ ዞረ፣ ተጨበጨበለት፤ የመጨረሻዋ ያዥ ግን የሦስተኛው ፎቅ እናት ናት።

«እነዚህ ፊልሞች አጋንንት ይጠራሉ፤ ይታገዱ» ለምትሉም መልስ አለኝ። ጠመንጃ የሚፈራ ሰይጣን ሰይጣን አይደለምና አትፍሩት። ይልቅ ይህን ጠይቁ፤ ቀንድ ያለበትን ፊልም ከልጁ ስልክ ላይ የሚያጠፋ ወላጅ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰማንያ ሰው የሚረሸንበትን ፊልም ለምን ይተወዋል? የከለከልነው ቀንዱን ነው፤ ጠመንጃውን አሳልፈነዋል።

ለወጣት የፊልምና የልብ ወለድ ደራሲዎቻችን ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ይህንን ድብልቅ በአማርኛ መሥራት የምትመኙ እንዳላችሁ እሰማለሁ። ሥሩት! ግን ከመጨረሻው ጀምሩ። «ኤንድ ኦፍ ዴይስ» ሁለት ሰዓት ገደማ ከተኮሰ በኋላ አንድ እውነተኛ ነገር ያሳያል። አርኖልድ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ መሣሪያውን ይጥላል፤ ይጸልያል። ሰይጣን ወደ ሥጋው ሲገባበትም ከወደቀ ሐውልት በወጣ ሰይፍ ላይ ራሱን ይጥላል እንጂ ሌላውን አይወጋም። በሰፈራችን ልጆች ሕግ «አክተር አይሞትም» ይባላል፤ እዚህ ግን አክተሩ ሞተ፤ ፊልሙም በዚያች ቅጽበት ብቻ ስለ ሰይጣን አንድ ነገር ዐወቀ። ያን ሁሉ ጥይት ያባከነው ይህችን ለመማር ከሆነ፣ እናንተ ከዚህ ተነሡ። በላኤ ሰብእ አለላችሁ፣ አዛዝኤል አለላችሁ፣ ስምንተኛው ሺህም በየደጃችን አለ።

ባለፈው እሑድ ልጁን እዚያው ደረጃ ላይ አገኘሁት። «የዚያን ቀን የጠየቅኸኝን አልመለስሁልህም» አልሁትና የበላኤ ሰብእን ታሪክ አወራሁለት። አፉን ከፍቶ አዳመጠኝ። ሲያልቅ፣ «በቃ? ውኃ ብቻ?» አለኝ።

«ውኃ ብቻ» አልሁት።

አላመነኝም መሰለኝ። ነገር ግን ተነሣና የጀሪካኔን እጀታ በአንድ ጎን ያዘልኝ፤ አብረን አራተኛ ፎቅ ወጣን።

የ2013ቱን ግጥሜን ቀድጄዋለሁ። በምትኩ ይህችን አራት ስንኝ አስቀምጫለሁ።

ሳነጣጥር ጊዜ አንዱን ዓይኔን ጨፍኜ፣
ሰይጣን አየሁ አልሁኝ እኔው ግማሽ ሆኜ፤
ሁለቱን ስገልጥ ግን የወደቀው ልጅ ነው፣
እናቱ ደጅ ቆማ ዛሬም የምትጠብቀው።

ቸር እንሰንብት።